«የድመት ኤድስ» የሚባል በሽታ የለም

የለም። ያለው ኤፍ አይ ቪ የሚባል፣ የድመትን በሽታ የመከላከል አቅም ቀስ በቀስ የሚያዳክም ቫይረስ ነው። በስም ምን ያጨቃጭቃል የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ። እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም በዚህ ስም ምክንያት አንዲት የድመት ግልገል ተገድላለች፣ የኔም ድመት ለጥቂት ነው የተረፈው።

ቫይረሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፔታሉማ በምትባል ከተማ፣ አንድ ላይ የሚኖሩ ድመቶች ተራ በተራ እየታመሙ ሲያልቁ ኒልስ ፔደርሰንና ጃኔት ያማሞቶ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከእነሱ ደም ለዩት። በሚገርም አጋጣሚ ያው 1986 እኛ አገር የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁበት ዓመት ነው። ሁለቱ ቫይረሶች ሌንቲቫይረስ ከሚባል አንድ ወገን ናቸው፤ ስሙ «ዘገምተኛ» እንደማለት ነው። ዝምድናቸው ግን እዚያ ላይ ያበቃል። የድመቱ ሰውን አይዝም፣ የሰውም ድመትን አይዝም። ድመቱ ቢልሳችሁ፣ ቢቧጭራችሁ፣ ተናዶ ቢነክሳችሁም ኤፍ አይ ቪ አይዛችሁም። (ንክሻው ሌላ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላልና በሳሙና ታጠቡት፣ ሐኪምም አሳዩት። እሱ ግን የማንኛውም ድመት ንክሻ ነው።)

እኔ የ1990 ዓ.ም. ልጅ ነኝ። ነፃው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 መሰጠት ሲጀምር ሰባት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤታችን ፀረ ኤድስ ክበብ ነበረው፤ ሰልፍ ላይ ግጥም ይነበባል፣ ድራማ ይሠራል፣ «መገለልና መድልዎ ይቁም» የሚል ጽሑፍ አጥሩ ላይ ተስሏል። የምን መገለል እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ክበብ መግባት አያስፈልግም ነበር። ኩባያ የሚለይባቸው ሰዎች ነበሩ። በሽታቸው ስለታወቀ ብቻ ዕቃቸው ከኪራይ ቤት የወጣባቸው ነበሩ። አገሩ ያንን ቃል ከሰው ላይ ለማንሳት ስንት ዓመት እንደታገለ ትውልዴ በዓይኑ አይቷል። አሁን ያንኑ ቃል አንስቶ ድመት ላይ መለጠፍ ምን ይሉታል? «ሰውን ከድመት ጋር ታወዳድራለህ ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ያወዳደርኩት እኔ አይደለሁም። «የድመት ኤድስ» ብሎ የሰየመው ነው ያወዳደረው፤ ለዚያውም ሁለቱንም በሚያዋርድ መንገድ።

ድመቴ ጉልቤ ይባላል። ስሙን ያወጡለት የብሎካችን ዘበኛ ናቸው፤ ግማሽ ጆሮውን በጠብ የጣለ፣ አንድ ግቢ ሙሉ ድመት የሚያሸብር ወንድ ስለነበር። ወደ ቤት ካስገባሁት ሦስት ዓመት ሆነው። ሁለት ጊዜ፣ በሦስት ወር ልዩነት፣ በተለያየ አምራች መመርመሪያ ተመርምሯል፤ ሁለቱም ጊዜ ፖዘቲቭ ነው። በመጀመሪያው ቀን የወሰድኩበት ክሊኒክ ባለሙያው መመርመሪያው ላይ የወጣችውን መስመር አይቶ፣ ድመቱን ሳያይ፣ «ብናስተኛው አይሻልም?» አለኝ። ጉልቤ በዚያ ሰዓት ክብደቱ አራት ኪሎ ተኩል ነው፣ ትኩሳት የለውም፣ ጠዋት በልቶ ነው የመጣው፤ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ የባለሙያውን እስክሪብቶ በእግሩ እየመታ ይጫወታል።

ይቺ «ማስተኛት» የምትባል ቃል ራሷ ታናድደኛለች። እናቴ «አስተኛሁት» ስትል ሕፃኑ ከሰዓት በኋላ ይነሳል ማለቷ ነው። ሊነሳ በማይችል ስቃይ ውስጥ ላለ እንስሳ መርፌው ምሕረት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ አልከራከርም። በእስክሪብቶ ለሚጫወት ድመት ግን ግድያ ነው፣ ስሙም እሱ ነው።

ወደ ግልገሏ ልምጣ። ሦስተኛ ፎቅ ያለች ጎረቤቴ የአሥር ሳምንት ግልገል ነበረቻት። ተቅማጥ ያዛትና ወደ ሐኪም ወሰደቻት። ተመረመረች፤ ፖዘቲቭ። «የድመት ኤድስ ነው፣ ልጆችም ቤት ውስጥ አሉ» ተባለች። በዚያው ቀን ባዶ ካርቶን ይዛ ተመለሰች። ጎረቤቴን አልወቅሳትም። ባለሙያ ነው ብላ ያመነችው ሰው ነው የነገራት።

አሁን መመርመሪያው ምን እንደሚሠራ እንይ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ጋ ነው ያለው። ክሊኒኮች የሚጠቀሙበት ፈጣን መመርመሪያ ኤፍ አይ ቪ ላይ ቫይረሱን አይፈልግም። የሚፈልገው አንቲቦዲውን ነው፤ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመርተውን። ለአዋቂ ድመት ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ቫይረሱ አንዴ ከገባ ስለማይወጣ አንቲቦዲው ካለ ቫይረሱም አለ ብሎ መገመት ያስኬዳል። ግልገል ግን አንቲቦዲን ከእናቷ ወተት ትወስዳለች። እናትየው ፖዘቲቭ ከሆነች ግልገሏ ራሷ ቫይረሱ ሳይኖርባት እስከ ስድስት ወር ድረስ ፖዘቲቭ ልትል ትችላለች። በተፈጥሮ ከእናት ወደ ግልገል መተላለፉ ደግሞ ብዙም አይደለም። ኮድ ለምትጽፉ እንዲህ ልበላችሁ፦ አዲስ ሰርቨር አስነሳችሁ እንበል፤ ውስጡ ከአሮጌው ማሽን ኮፒ ተደርጎ የመጣ የሎግ ፋይል አለ። ያንን አሮጌ ሎግ አንብባችሁ «ይሄ ሰርቨር ተጠልፏል» ብላችሁ አዲሱን ማሽን በመዶሻ ትመታላችሁ? ግልገሏ ላይ የተደረገው ይኸው ነው። ማድረግ የነበረባቸው ስድስት ወር ሲሞላት እንደገና መመርመር ነበር። አራት ወር እንኳ የማይሞላ ጊዜ።

አዋቂ ድመት ላይም ቢሆን አንዲት መስመር ፍርድ አይደለችም። ስሌቱን እንሥራው፤ ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የምወስዳቸው። አንድ ሺህ የቤት ድመቶች አሉ እንበል፣ ከመቶ ሁለቱ፣ ማለትም 20ዎቹ፣ ቫይረሱ አለባቸው። መመርመሪያው በጣም ጎበዝ ነው፤ 20ውንም ያገኛቸዋል፣ ጤነኞቹ ላይ የሚሳሳተው ከመቶ አንዴ ብቻ ነው። ከ980ዎቹ ጤነኞች አንድ በመቶው ወደ አሥር ይጠጋል። ስለዚህ ፖዘቲቭ ከተባሉት 30 ድመቶች አሥሩ፣ ከሦስት አንዷ፣ ምንም የለባትም። ዘጠና ዘጠኝ በመቶ «ትክክል» የሆነ መሣሪያ ይዛችሁ እንኳ! ይህንን ዩኒቨርሲቲ የፕሮባቢሊቲ ኮርስ ላይ ተምረን ለፈተና ብቻ የተጠቀምንበት ሒሳብ ነው። ጉልቤን የመሰለ፣ ሳይኮላሽ መንገድ ላይ ሲደባደብ የኖረ ወንድ ላይ ግን ስሌቱ ይገለበጣል፤ የመያዝ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ ፖዘቲቩን አምኜዋለሁ። አንዲት ከቤት ወጥታ የማታውቅ ድመት ብትሆን ኖሮ አላምነውም ነበር።

እና አመንኩት እንበል። ከዚያስ? የአሜሪካ የድመት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ አንድን ድመት በምርመራ ውጤት ብቻ መግደል ተገቢ እንዳልሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። ምክንያቱም ብዙ ድመቶች ቫይረሱን ይዘው ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳዩ ይኖራሉ። አንዳንዶቹ ይታመማሉ፤ ድዳቸው ክፉኛ ይቆጣል፣ ይከሳሉ፣ ኢንፌክሽን ይመላለስባቸዋል፣ ካንሰርም የሚይዛቸው አሉ። ይህንን አልደብቅም። ብዙዎቹ ግን የሚሞቱት በእርጅናና እርጅና በሚያመጣው ነገር ነው። የሴሬንጌቲ አንበሶች እንኳ አብዛኞቹ የራሳቸውን ዓይነት ኤፍ አይ ቪ ተሸክመው ነው የሚያድኑትና የሚወልዱት። የአንበሳ አገር ነን እያልን የምንፎክር ሰዎች ይህችን ብናውቃት አይከፋም።

የሚተላለፈውስ እንዴት ነው? በዋናነት በጠብ። ጥርስ ሥጋ ውስጥ ጠልቆ ምራቅ ደም ጋ ሲገባ። ከአንድ ሳህን በመብላት፣ አንዱ ሌላውን በመላስ፣ አብሮ በመተኛት መተላለፉ እምብዛም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በድመት መጠለያ ውስጥ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ድመቶችን አብረው ሲኖሩ ተከታትሎ፣ በሰላም የሚኖሩት ዘንድ መተላለፍ አላገኘም። ኩባያ መለየት ለሰውም አልሠራ፣ ለድመትም አይሠራም። የሚሠራው ማኮላሸትና ቤት ውስጥ ማኖር ነው። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባላል፤ የተረቱ ባለቤት የተኮላሸ ወንድ ድመት አላየም። ጉልቤ ከተኮላሸ በኋላ ትልቁ ጠላቱ የመጋረጃው ገመድ ነው።

ከእሱ ጋር መኖር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ አሰልቺ ነው። ጥሬ ሥጋ አይበላም፣ ይኸው ነው ትልቁ ለውጥ። ሥጋ ቤት ሄጄ ሳንባና ቁርጥራጭ ስገዛ ሥጋ ቆራጩ «ጥሬ ካልበላማ ምኑን ድመት ሆነ!» እያለ ይስቅብኛል። እቀቅለዋለሁ፤ ጥሬ ሥጋ ውስጥ ያለ ተውሳክና ባክቴሪያ መከላከያው ለተዳከመ እንስሳ ቀልድ አይደለም። ሳንባ ብቻውን ምግብ ስለማይሆን የታሸገ የድመት ምግብም አገኝ እንደሆነ እገዛለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱን ታቅፌ ሚዛን ላይ እወጣለሁ፣ ከዚያ ብቻዬን እወጣለሁ፣ ልዩነቱን ኤክሴል ላይ እጽፋለሁ። ግራፉ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀጥ ያለ መስመር ነው። በየስድስት ወሩ ሌላ ሐኪም ጋ ሄዶ አፉ ይታያል። ባለፈው ዓመት ድዱ ተቆጥቶ ሁለት ጥርስ ተነቀለለት፣ በሳምንቱ ደረቅ ምግብ ይቆረጥም ነበር። አንድ ቀን ካልበላ «ነገ ይበላል» ብዬ አልጠብቅም። በቃ። ከአንድ ጤነኛ ድመት የሚለየው ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ለማንኛውም ድመት ሊደረግ የሚገባው ነገር ነው።

«ሰው በሚራብበት አገር?» ይህችን እጠብቃት ነበር። ይህንን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ሰዎች አዲስ ስልክ ስገዛ አልጠየቁኝም። ዓርብ ማታ አብረን ወጥተን ለአንድ ጠረጴዛ የከፈልነው ሒሳብ የጉልቤን የወራት ሳንባ ይገዛል፤ ያኔም የተራበ ሰው ትዝ ያለው የለም። የተራበ ሰው የሚነሳው ሌላ ሰው ላለመግደል ሲወስን ብቻ ከሆነ፣ ለተራበው ታስቦ አይደለም። መርፌውም ቢሆን በነፃ አይሰጥም።

ስለ ሰው ጤና ከተጨነቅን ደግሞ መጨነቂያው ሌላ ቦታ ነው ያለው። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትም ይይዛል፣ ከድመት ወደ ሰውም ይተላለፋል፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ክትባት አለው። ጉልቤ ተከትቧል፣ ወረቀቱ አለ። የጉልቤን ስም ሰምታ ልጆቿን ከኮሪደሩ የምታስገባዋ ሴትዮ ግን ግቢ ውስጥ የሚርመሰመሰውን ውሻዋን አስከትባ አታውቅም። ስጠይቃት «እሱ ጤነኛ ነው» አለችኝ።

ለእንስሳት ሐኪሞች ነው የቀረኝን የምለው። ካርዱ ላይ «ፖዘቲቭ» ብላችሁ ስትጽፉ ከጎኑ ዕድሜዋን ጻፉ። መመርመሪያው ምን እንደፈለገ ጻፉ። ከስድስት ወር በታች ከሆነች የሚቀጥለውን ምርመራ ቀን ጻፉና ለባለቤቷ ወደ ሰው እንደማይተላለፍ በአፋችሁ ንገሩ፣ ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ሁለቴ ንገሩ። አዋቂ ከሆነች በሌላ መመርመሪያ ድገሙት። ይህንን ሁሉ አድርጋችሁም ድመቷ እየበላች፣ ክብደቷ ሳይቀንስ፣ እስክሪብቷችሁን እየመታች የምትጫወት ከሆነ መርፌውን ወደ መሳቢያው መልሱት።