አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ስለ ፖሊስና ስለ ጎዳና ላይ ዐመፅ ክርክር በተነሣ ቍጥር ዘወትር የሚሰማው የሁለት ወገኖች ድምፅ ነው። አንደኛው ወገን «ፖሊስ ሕዝብን በደለ» ሲል፣ ሁለተኛው «ሰልፈኛው ሕግን ጣሰ» ይላል። በሁለቱ መካከል ግን ወደየትም ሊሸሽ የማይችል ሦስተኛ ሰው አለ፤ እርሱም ባለ ሱቁ ነው። ሰልፈኛው ማታ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ፖሊሱም ወደ ጣቢያው ይመለሳል፤ ሱቅ ግን ከመንገድ ዳር ተነሥቶ አይሄድም። ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ እስቲ ለጥቂት ጊዜ በባለ ሱቁ ቦታ ሆናችሁ ነገሩን ተመልከቱት።

ለአስተያየቴ ማስረጃ የማደርገው በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ የደረሰውን ነው። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 3 ቀን 1991 ዓ.ም. የከተማው ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ በመኪና አሳደው ካስቆሙት በኋላ፣ መሬት ላይ ወድቆ ሳለ በዱላ ደጋግመው ደበደቡት። አንድ የሰፈሩ ነዋሪ ድርጊቱን ከሰገነቱ ላይ ሆኖ በቪዲዮ ስለ ቀረጸው ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አየው። አራት ፖሊሶችም ተከሰሱ። ይሁን እንጂ አንድም ጥቁር ያልነበረበት የፍርድ ሸንጎ፣ በአንደኛው ፖሊስ ላይ ከቀረበ አንድ ክስ በቀር፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1992 ዓ.ም. በሁሉም ነጻ ለቀቃቸው።

የሀገራችን ሰው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል። ሰውን የሚያንገበግበው የጥፋቱ መጠን ሳይሆን የፍርድ መጓደል ነው። የሎስ አንጀለስ ጥቁሮች ቍጣም ከዚሁ የመነጨ ነበርና፣ ለመቆጣት ምክንያት አልነበራቸውም የሚል ሰው ከእውነት የራቀ ነው።

ጥያቄው «ቍጣው ወዴት ሄደ?» የሚለው ነው። በዚያው ዕለት የፈነዳው ሁከት ለስድስት ቀናት ያህል ቆየ። ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,000 በላይ ቈሰሉ፤ የጠፋውም ንብረት ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። ከኮሪያ የመጡ ስደተኞች ብቻ ወደ 2,300 የሚጠጉ ሱቆቻቸው ተዘርፈዋል ወይም ተቃጥለዋል። እነዚህ ሰዎች ኪንግን አልደበደቡም፤ ከፍርድ ሸንጎውም ላይ አልተቀመጡም። ፍርዱ የተሰጠው ከሎስ አንጀለስ ውጭ፣ ሲሚ ቫሊ በምትባል ከተማ ሲሆን፣ እሳቱ አብዝቶ የነደደው ግን በተበዳዮቹ በራሳቸው ሰፈር ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

«ባለ ሱቆቹስ ንጹሓን ነበሩን?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ኪንግ ከተደበደበ ከ13 ቀን በኋላ፣ አንዲት ኮሪያዊት ባለ ሱቅ በአንድ ጠርሙስ የብርቱካን ጭማቂ ምክንያት ተጣልታ የ15 ዓመት ጥቁር ልጃገረድ በጥይት ገድላለች። ፍርድ ቤቱም ጥፋተኛ ካላት በኋላ ሳያስራት በገደብ ለቀቃት። ይህ ያስከተለው ምሬት ቀላል አልነበረም። ነገር ግን የአንዲት ሴት ጥፋት የ2,300 ሱቆች ዕዳ ሊሆን አይችልም። ሰውን በቆዳው ቀለም መፍረድ ግፍ ከሆነ፣ ሱቅንም በባለቤቱ ዘር ማቃጠል ያው ግፍ ነው።

ለመሆኑ ባለ ሱቁ ከፖሊስ የሚፈልገው ምንድን ነው? ብዙ ሰው የፖሊስ ዱላ እንዲበረታ የሚመኝ ይመስለዋል። በሎስ አንጀለስ የሆነው ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። ሁከቱ በተጀመረበት ዕለት፣ ፍሎረንስና ኖርማንዲ በሚባሉት ጎዳናዎች መገናኛ የነበሩት ፖሊሶች አካባቢውን ለቀው እንዲወጡ ታዘው ሄዱ። አዛዡ ዳሪል ጌትስም በዚያች ምሽት የፖሊስን አስተዳደር ለማሻሻል የቀረበውን ሐሳብ ለመቃወም በተዘጋጀ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ስብሰባ ላይ ተገኝተው ነበር። ብዙ ባለ ሱቆች «ድረሱልን» ቢሉ የሚደርስላቸው አጡ። አንዳንዶቹም ጠመንጃ ይዘው በሱቃቸው ጣራ ላይ አደሩ፤ ሱቅ ለመጠበቅ የወጣ አንድ የ18 ዓመት ኮሪያዊ ወጣትም በጥይት ተመትቶ ሞተ።

በ1991 በወደቀ ሰው ላይ የበረታው ፖሊስ፣ በ1992 ለሱቁ አልደረሰም። ይህ እርስ በርሱ የሚቃረን ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱም የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። የሚፈራ እንጂ የማይታመን ፖሊስ፣ ሕዝብ በተነሣበት ጊዜ ያሉት መንገዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ወይ መደብደብ፣ ወይ መሸሽ። የሚታመን ፖሊስ ግን ሰልፈኛውን ከቀማኛው ለይቶ ያውቃል፤ ሰፈርተኛውም ይረዳዋል። ፖሊስ በሌለበት በዚያ መገናኛ ከመኪናው ተጎትቶ የተደበደበውን ነጭ ሾፌር ያዳኑት፣ ሁኔታውን በቴሌቪዥን አይተው የሮጡ አራት ጥቁር ነዋሪዎች መሆናቸውን አስታውሱ። የሱቅ እውነተኛ ዘብ እንዲህ ያለ ጎረቤት ነው።

አንዳንዶች «እሳቱ ባይነድ ማን ይሰማ ነበር?» ይላሉ። እሳቱ ባለሥልጣኖችን አስደንግጧል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የፖሊስ አዛዥን የሥልጣን ዘመን የሚገድበው ማሻሻያ የመነጨው፣ ዋረን ክሪስቶፈር የመሩት ኮሚሲዮን በ1991 ካቀረበው ጥናት እንጂ ከእሳቱ አይደለም፤ ሕዝቡም በጁን 1992 በድምፁ አጸደቀው። በ1993 ከአራቱ ፖሊሶች ሁለቱ በፌዴራል ፍርድ ቤት ሲፈረድባቸውም፣ ትልቁ ማስረጃ ያው የቪዲዮ ፊልም ነበር።

ባለ ሱቆቹም ቢሆኑ ሰልፍን አልጠሉም። ሜይ 2 ቀን 1992 ዓ.ም. ወደ 30,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብዛኛው ኮሪያዊ፣ ሰላምን እየጠየቀ በተቃጠሉት ሱቆች መካከል በሰልፍ አልፏል። በዚያ ሰልፍ አንድም ሱቅ አልተዘረፈም።

እናንተም ነገ ከመካከላችሁ አንዱ ሰልፍ ይወጣል፤ አንዱ የፖሊስ ደንብ ልብስ ይለብሳል፤ አንዱም ሱቅ ይከፍታል። ሰልፈኛ የሆነው ክብሪት ከመጫሩ በፊት «የበደለኝ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ፖሊስ የሆነው ዱላውን ከማንሣቱ በፊት፣ ዛሬ የሚያጠፋው እምነት ነገ ለሥራው እንደሚያስፈልገው ያስብ። ባለ ሱቅ የሆነውም በጎረቤቱ ላይ የደረሰውን የፍርድ መጓደል «የእኔ ጉዳይ አይደለም» ብሎ አይለፈው፤ ለጎረቤቱ ያልቆመ ሕግ ለእርሱም ሱቅ አይቆምምና።