«ሃሎ… ከሚሴ ይሰማል?»

በኦንላይን ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። እዚያ ማዶ ትልቅ ስክሪን፣ እዚህ አንድ ላፕቶፕ፣ ዙሪያውን አሥር ሰው። ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ከጠረጴዛው ጥግ የሚናገረው ሰው ድምፅ ግን ማሚቶ ሆኖ ይቀራል።

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳኔት ሲዘረጋ ተስፋው ትልቅ ነበር። ወረዳዎች ከክልልና ከፌዴራል ጋር በቪዲዮ ይገናኛሉ ተባለ፤ ፍርድ ቤቶችም የፕላዝማ ችሎት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ «ቴክኖሎጂ ገባ» ሲባል የሚታሰበው ስክሪን ነው። ስብሰባን ስብሰባ የሚያደርገው ግን መደማመጥ ነው።

ይህ ጉዳይ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ይበልጥ ይከብዳል። የዞኑ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የክልሉ አማርኛ። ባሕር ዳርና ከሚሴ ሲነጋገሩ በመሃል አስተርጓሚ ሊኖር ይችላል። አስተርጓሚ ግማሹን ከሰማ የሚተረጉመው ግማሹን ነው። በችሎት ደግሞ «አልፈረምኩም» የሚለው ቃል ፊትና ኋላው ከተቆረጠ «ፈረምኩ» ይሆናል። ይህ የሰው መሬት፣ የሰው ነፃነት ነው።

መፍትሔው ብዙ በጀት አይጠይቅም። በ2012 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣው ራስፕቤሪ ፓይ መዳፍ የሚያክል ኮምፒውተር ነው፤ የሚሠራበት ሊኑክስም በነፃ ይገኛል። የማይክ መሰኪያ ግን የለውም። ስለዚህ ማይክና ድምፅ ማጉያን በአንድ የያዘ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የስብሰባ ስፒከር ያስፈልገዋል። አብዛኞቹ የጋራውን የዩኤስቢ ድምፅ ደረጃ ስለሚከተሉ ሊኑክስ ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር ያውቃቸዋል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከዚህ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ ድምፁን በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥኑ ሊልክ ይችላል። ያኔ የሚሰማው በቴሌቪዥኑ፣ የሚናገረው በስፒከሩ ማይክ ይሆናል፤ ማሚቶም ይፈጠራል። ስፒከሩ ማሚቶን የሚያጠፋው ራሱ ያወጣውን ድምፅ ከማይኩ ላይ እየቀነሰ ነውና ከሌላ ዕቃ የወጣውን አያውቀውም። ስለዚህ በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ መግቢያውም መውጫውም ያው ስፒከር ይሁን፤ የክፍሉ ሌሎች ማይኮች ይጥፉ። ከስብሰባው በፊት አምስት ሰከንድ ቀድቶ መልሶ ማድመጥ ከስንት «ሃሎ» ያድናል።

መብራትም አይረሳ። ድንገት ሲጠፋ የኮምፒውተሩን ሚሞሪ ካርድ ሊያበላሽ ይችላል፤ አነስተኛ ዩፒኤስ ይግባለት። ኔትወርኩ ሲደክም ካሜራው ይዘጋ። ድምፅ ከቪዲዮ እጅግ ያነሰ መስመር ይበቃዋል።

«ኢንተርኔቱ ራሱ ሲቋረጥስ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር፤ ያንን የትኛውም ዕቃ አይፈታውም። እሱ የፖለቲካ ውሳኔ ነው፣ መጠየቅም ያለበት እንደ ፖለቲካ ነው። መስመሩ ባለበት ቀን ግን ሰው አለመሰማቱ የማንም ውሳኔ አይደለም፤ ቸልተኝነት ነው።

ቀጣዩ የዕቃ ግዢ ሲታቀድ ከስክሪኑ ስፋት በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ ከጠረጴዛው መጨረሻ፣ በገዛ ቋንቋው፣ ዝግ ብሎ የሚናገረው ሰው ይሰማል?