የበረዶ ሽርሽር ያለ ኢስራፍ



በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ወላጆች! ልጆቻችሁ «ጓደኞቻችን ስኪ ሄዱ፤ እኛስ?» ሲሏችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ዝም ማለት ልጅን ያስከፋል። በክሬዲት ካርድ ዕዳ ኮሎራዶ ድረስ መብረር ደግሞ ኢስራፍም ወለድም ነው።

መካከለኛው መንገድ ቅርብ ነው። በፔንስልቬንያ ሊበርቲ፣ ራውንድቶፕና ኋይትቴይል የሚባሉ ሦስት ትናንሽ ተራሮች አሉ። ትልቁ ኋይትቴይል እንኳ ቁልቁለቱ 285 ሜትር ያህል ነው፤ ለጀማሪ ይበቃል። ሦስቱም በአንድ ኩባንያ ሥር ስለሆኑ ለሁሉም የሚያገለግል ፓስ አለ፤ አስቀድሞ ሲገዛ ይረክሳል። ጌቲስበርግ ከተማ ማረፊያ ይዞ በየቀኑ ወደ አንዱ ተራራ በመኪና መሄድ ይቻላል። የስኪ ጫማ አትግዙ፣ ተከራዩ፤ የልጅ እግር በየዓመቱ ያድጋልና። ምሳችሁን ከቤት ያዙ፤ ሐላልነቱም ይረጋገጣል።

ሰላትስ? በበረዶ ወራት ቀኑ አጭር ነው፤ ዙህርና ዐስር ይቀራረባሉና ሰዓቱን ቀድማችሁ እወቁ። ውዱእ አድርጎ ኹፍ ያጠለቀ መንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ በላዩ ላይ ማበስ ተፈቅዶለታል።

ሒሳቡን ግን ለብቻችሁ አትሥሩ። ልጁ ራሱ ወረቀት ይዞ ቤንዚኑን፣ ማረፊያውንና ኪራዩን ይደምር። የማይበቃ ከሆነ የትኛው ተራራ እንደሚቀር እሱ ይምረጥ። ሐላል ገንዘብ በስንት ልፋት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚወጣ ከዚያ ይማራል፣ ኢንሻአላህ።