አጋፋሪው የባለድግሱን ስም ይጥራ

ከአውቶቡስ ተራ ወደ ኮልፌ፣ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚመላለሰው ታክሲ ስንሳፈር ብዙ ጊዜ የምንሰማው ዘፈን ሳይሆን የዘፈን ቅልቅል ነው። አንዱ ዘፈን ይጀምራል፤ ገና ሁለት ስንኝ ሳይባል አንድ ድምፅ ጣልቃ ይገባና «ዲጄ እገሌ ነኝ!» ይላል። ዘፈኑ ሳያልቅ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፤ አሁንም «ዲጄ እገሌ!»። «ወራጅ አለ» ብለን ስንወርድ የዲጄው ስም በጆሯችን ቀርቷል። የዘፋኙ፣ የገጣሚውና የዜማ ደራሲው ስም ግን አንድ ጊዜም አልተነሣ። ይኸው ልማድ ወደየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ዘልቋል። ነገ ተመድበን በምንሄድበት ትምህርት ቤት «ሚኒ ሚዲያውን ተረከቡ» የምንባለው ደግሞ እኛው እጩ መምህራን ነን። ስለዚህ ነገሩ የጨዋታ ብቻ ሳይሆን የሥራችንም ጉዳይ ነው።

ሰዎች በዚህ ሲከራከሩ ሁለት ወገን ሆነው ይገኛሉ። አንደኛው ወገን «ቅልቅል የሰው ሥራ መስረቅ ነው፤ ከትምህርት ቤት ግቢ ይውጣ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ኧረ ተዉ! ልጆቹ ይጫወቱበት፤ ለአንድ ዘፈን ይህ ሁሉ ሙግት ምንድን ነው?» ባይ ነው። በበኩሌ ሁለቱም አይዋጡልኝም። የመጀመሪያው ጥቅሙን አላየም፤ ሁለተኛው ዕዳውን አላየም።

ለመሆኑ የነገሩ ምንጭ ከወዴት ነው? እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በሚባለው ሰፈር፣ በሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 ሕንፃ ሲንዲ ካምቤል የተባለች ልጃገረድ ጭፈራ አዘጋጀች። ሐሳቧ ለአዲሱ የትምህርት ዘመን የልብስ መግዣ ገንዘብ ማግኘት ነበር። ሸክላ ያጫወተላት ወንድሟ ክላይቭ ነው፤ በጃማይካ የተወለደ፣ በኋላ ዲጄ ኩል ኸርክ ተብሎ የታወቀ ወጣት። እርሱም ሕዝቡ ይበልጥ የሚጨፍርበትን የከበሮ ክፍል እየለየ፣ በሁለት ሸክላ ማጫወቻ እያፈራረቀ ያስረዝመው ጀመር። ሂፕ ሆፕ የሚባለው ሙዚቃ ልደቱ ከዚያ ምሽት ይቆጠራል። እንዲህ ያሉት ጭፈራዎች በካሴት እየተቀዱ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከታክሲ ወደ ታክሲ ተላለፉ። «ሚክስቴፕ» ማለት መነሻው ይኸው ነው፤ የተቀላቀለ ካሴት።

እየዋለ እያደረ ግን ካሴቱ አጋፋሪ አበጀ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እነ ዲጄ ክሉ ገና ለገበያ ያልዋለ ዘፈን እያገኙ፣ በላዩ ላይ የራሳቸውን ስም እየጮኹ ያወጡ ነበር። ጩኸቱ እንደ ማኅተም ነው፤ ሌላው ገልብጦ «የእኔ ነው» እንዳይል። ዲጄው በድግስ ላይ እንዳለ አጋፋሪ እንግዳውን ይቀበላል፣ ቦታ ይሰጣል፣ ያልታወቀውን ከታወቀው ጎን ያስቀምጣል። ፊፍቲ ሴንት የተባለው ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በ2000 በጥይት ተመትቶ የሸክላ ኩባንያው ካሰናበተው በኋላ፣ በሌሎች ሰዎች ሙዚቃ ላይ የራሱን ግጥም እያስገባ በሚክስቴፕ ለሕዝብ ደረሰ። በ2002 ኤሚነም ሰምቶት ከዶክተር ድሬ ጋር ሆኖ አስፈረመው። እንግዲህ የፊት በር የተዘጋበትን ሰው በጓሮ በር ማስገባት የሚክስቴፕ ትልቁ ውለታ ነው።

ይሁንና ውለታው ዕዳም አለበት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 2007 ፖሊስ በአትላንታ ከተማ የዲጄ ድራማንና የባልደረባውን የዶን ካነንን ስቱዲዮ ፈትሾ 81,000 ያህል ዲስክ ወሰደ፤ ሁለቱንም አሰረ። የአሜሪካ የሸክላ ኩባንያዎች ማኅበር በፍተሻው ተባባሪ ነበር። የሚገርመው ታዲያ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ዘፋኞቻቸው እንዲታወቁላቸው ሲሉ ለእንደነዚህ ያሉ ዲጄዎች ዘፈን ይሰጡ ነበር። ዓመታት አለፉና እ.ኤ.አ. በ2021 ታይለር ዘ ክሪዬተር ያንኑ ዲጄ ድራማን አጋፋሪ አድርጎ አልበም አወጣ፤ አልበሙም በ2022 የግራሚ ሽልማት አገኘ። ያሳሰረው ሙያ አሸለመ ማለት ነው። ልዩነቱ ምን ላይ ነው? በዚህኛው ጊዜ ባለድግሱ ራሱ አጋፋሪውን ጠርቶታል።

«ይህ የአሜሪካ ወሬ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በእኛም አገር ታሪኩ ሩቅ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ ገና ወጣት ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ደፍረው «አምሃ ሬከርድስ»ን አቋቋሙና እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ሸክላ አሳተሙ። ከዚያ ካሴት መጣ። ካሴት ርካሽ ነው፤ በየቤቱም ይገለበጣል። የሙዚቃ ቤት ሰዎች ደንበኛው በብጣሽ ወረቀት የጻፈላቸውን ዘፈኖች ከየካሴቱ እየለቀሙ በባዶ ካሴት ይቀዱ ነበር። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያዎቹ የእኛ ሚክስቴፕ ሠሪዎች እነርሱ ናቸው። የጨዋነታቸው ምልክት ደግሞ በካሴቱ ሽፋን ላይ በእስክሪብቶ የሚጻፈው ዝርዝር ነበር፤ በአንዱ ወገን ጥላሁን ገሠሠና ብዙነሽ በቀለ፣ በሌላው ወገን መሐሙድ አሕመድ። ዛሬ ካሴቱ በፍላሽ ተተክቷል። ፍላሽ ሽፋን የለውም፤ ቢከፍቱት «ትራክ 01፣ ትራክ 02» ይላል። ስሙ የጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ባህላችንም የሚለን ነገር አለ። በአዝማሪ ቤት ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜማል፤ ግጥሙ ከማን አፍ እንደወጣ ግን ቤቱ ሁሉ ሰምቷል። በቅኔ ቤትም «መዝረፍ» ማለት ከራስ አእምሮ አዲስ ቅኔ ማፍለቅ ነው እንጂ የሰው መንጠቅ አይደለም። የቀድሞ ሊቅ ቅኔ ሲነገርም «የእገሌ ነው» ይባላል።

ስም መጥራት ጨዋታ እንደማያፈርስ የሞቃዲሾው ተወላጅ ኬናን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከዲጄ ጄ ፒሪየድ ጋር «ዘ ሜሴንጀርስ» የተባለ ሚክስቴፕ ሲያወጣ በፌላ ኩቲ፣ በቦብ ማርሊና በቦብ ዲላን ሥራዎች ላይ ተመሥርቶ ነበር። ስማቸውን አልደበቀም፤ እንዲያውም ሥራውን ለሦስቱ ከፋፍሎ አቀረበው። ወደ ቤታችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ «አዝ ዊ ኤንተር» የተባለውን ዘፈን የሠሩት ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» በተወሰደ ሙዚቃ ላይ ነው። ይህን የተነገረው ተማሪ ሙላቱን ፈልጎ ያዳምጣል። ያልተነገረው ግን የገዛ አገሩን ሙዚቃ እንደ ባዕድ ሰምቶ ያልፋል። ስም መጥራት ራሱ ትምህርት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ለሥራ አመንጪው የገንዘብ ጥቅም ብቻ ሳይሆን የሞራል መብትም ይሰጠዋል፤ ይኸውም ሥራው የእርሱ መሆኑ እንዲታወቅለትና ስሙ እንዲጠቀስለት ነው። ስለዚህ ቅልቅል ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ስም ስለጠራ ብቻ ነፃ አይወጣም። ለትምህርት ቤት እረፍት የሚያጫውተው ደግሞ ስም ከመጥራት የሚያግደው ምን አለ? «ጊዜ ይወስዳል» እንዳይባል ሒሳቡን እንሥራው፤ ለአንድ ዘፈን 6 ሴኮንድ ቢፈጅ ለ10 ዘፈን 1 ደቂቃ ነው። ዲጄው የራሱን ስም ለመጥራት ከዚህ የበለጠ ያጠፋ የለምን?

አሁን ነገሩን ወደ ራሳችን እንመልሰው። መምህርስ ምንድን ነው? እርሱም አጋፋሪ ነው። የሒሳቡን ቀመር አልፈለሰፈውም፤ ግጥሙን አልጻፈውም፤ ካርታውን አልሣለውም። የእርሱ ሙያ መምረጥ፣ ማሰናዳትና በሰዓቱ ማቅረብ ነው። ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ ትልቅ ጥበብ ነው። የሚያሳፍረው የሌላውን የትምህርት ማስታወሻ ፎቶኮፒ አንሥቶ ሽፋኑ ላይ የራስን ስም መለጠፍ ነው። ይህን ያየ ተማሪ ነገ የቤት ሥራውን ከጓደኛው ሲገለብጥ ምን ብለን ልንቆጣው ነው? እኛ መምህራንና እጩ መምህራን በደብተራችን ያልጀመርነውን ጨዋነት ከሚኒ ሚዲያው ልጅ ልንጠይቅ አንችልም።

በዚህ መሠረት ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በሚኒ ሚዲያ ዘፈን ሲቀርብ ዘፋኙ፣ ከታወቁም ገጣሚውና ዜማ ደራሲው ይጠሩ፤ የአቅራቢው ልጅ ስም በመጨረሻ ይምጣ። ሁለተኛ፣ የዕለቱ ዝርዝር በወረቀት ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ፤ የድሮው የካሴት ሽፋን ተመለሰ ማለት ነው፤ ልጆቹም ንባብና ጽሕፈት ይለማመዱበታል። ሦስተኛ፣ ከሦስት የታወቁ ዘፈኖች መካከል አንድ የተማሪዎች የራሳቸው ሥራ ይግባ። ቴዲ ዮ የጉራጌን ምት ከራፕ ጋር አዋሕዶ «ጉራጌ ቶን» ሲል ብዙ ወጣት «ለካ በእኛም ይቻላል» ብሏል። በኮልፌ ቀራንዮ ጉራጊኛ፣ ኦሮምኛ፣ ዶርዝኛ እየሰማ ያደገ፣ ግጥም በደብተሩ ጀርባ የሚጭር ልጅ አይጠፋም። የፊት በር ለእንዲህ ያለው ልጅ ገና አልተከፈተለትም፤ የጓሮውን በር የምንከፍትለት እኛ ነን። ሲገባ ግን በስሙ ይግባ።

አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ከዚህ የተለየ አስተያየት ያለው ሰልጣኝም ሆነ መምህር ጽሑፉን አምጥቶ ከዚህ ጎን ይለጥፍ፤ ክርክሩ ይጠቅመናል። ስሙን መጻፍ ግን አይርሳ።