የሻደይ ቀሚስና የክፍላችን ግድግዳ

ግራጫ ይቀባ

ነሐሴ 16 የልጃገረዶች በዓል ሻደይ ሲገባ ሰቆጣ ላይ ካሜራ የያዘ ሁሉ የሚያነሳው ያንኑ ነው፤ ነጭ ቀሚስ፣ ወገብ ላይ የታሰረ ለምለም ሳር፣ ጠይም ፊት። ቀላል ይመስላል። ቤት ገብተን ኤዲት ስናደርግ ግን ያ ነጭ ቀሚስ ጉድ ያፈላል።

ፎቶ የማስተካክልበት ክፍሌ ግድግዳ ቀድሞ አረንጓዴ ነበር። ዓይን የከበበውን ቀለም ይለምድና እንደ ነጭ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ያለው ቀሚስ ቀላ ብሎ ይታየኝ ነበር። ያንን ላስተካክል ብዬ አረንጓዴ ጨመርኩ። ፎቶው ታትሞ ሲመጣ ልጃገረዶቹ በሽተኛ መስለው አረፉት። ቢጫ አምፖልም ያው ነው፤ ስክሪኑ ሰማያዊ እየመሰለን ፎቶውን ቢጫ እንነክረዋለን።

ስለዚህ ግድግዳው የማያብረቀርቅ ግራጫ ፕላስቲክ ቀለም ይቀባ። ነጭ ላይ ጥቁር ብቻ ጠብ ካደረጋችሁ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ቅንጣት የቢጫ አፈር ዓይነት ቀለም ይመልሰዋል። አምፖሉ 5000 ኬልቪን፣ ቀለምን በታማኝነት የማሳየት ልኬቱ ከ90 በላይ፣ ብርሃኑም ስክሪኑ ላይ የማያርፍ ይሁን። አይኤስኦ 3664 የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ስክሪን ያለበት ክፍል ብርሃን ከ64 ሉክስ እንዳይበልጥ ያዛል።

መስኮቱስ? የፈረንጅ መጽሐፍ «ወደ ሰሜን ይሁን» ይላል፤ በእነሱ አገር ፀሐይ በቀትር ሁልጊዜ በደቡብ ናትና። ሰቆጣ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜናችን በኩል ነው የምታልፈው። ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ፣ ሌላ መላ የለውም።

ኖራው ይበቃል

ጋሼ፣ በአረንጓዴው ግድግዳ እጄን ሰጥቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ግን አልቀበልም።

ግራጫ ማለት ብርሃን ያነሰው ነጭ ነው። አምፖሉን ደከም ሳደርገው የእርስዎ ግራጫ በእኔ ነጭ የኖራ ግድግዳ ላይ በነጻ ይመጣል። የምኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ አከራዬ ምስማር ስመታ እንኳ ብቅ ብላ የምትጠይቅ ሴት ናት። ደግሞስ ክፍሉን እንደ ዋሻ ስናጨልመው ስክሪኑ ከልክ በላይ የሚያበራ ይመስለንና ፎቶውን እናጠቁረዋለን። ደንበኛ «ጨለመብኝ» ብሎ የሚመልሰው ፎቶ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

እኔ የማምነው ቁጥርን ነው። ጠቋሚውን ቀሚሱ ላይ ሳሳርፍ የቀዩ፣ የአረንጓዴውና የሰማያዊው ቁጥር እኩል ከሆነ ቀሚሱ ነጭ ነው። ቁጥር ግድግዳ አያይም።

መብራት ሲሄድስ ምን ይደረጋል? 5000 ኬልቪንዎ ጠፍቶ ሻማ በርቷል፣ ላፕቶፑም ባትሪ ለመቆጠብ ስክሪኑን አደብዝዞታል። ያን ጊዜ የእርስዎም ግራጫ የሻማ ቀለም ነው። ፎቶውንስ የሚያየው ማን ነው? ገበያ መሐል ቆሞ፣ ስልኩን ከፀሐይ በመዳፉ የከለለ ሰው።

የመጀመሪያው ሲመልሱ

ልጄ፣ ቁጥር ባልሽው ላይ ብቻ ልመለስ። በሻደይ ሰሞን የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ናት። ሳሩ ላይ አርፋ ቀሚሱን ከምር አረንጓዴ ታደርገዋለች፤ ካሜራው አልዋሸም። ያንን ቦታ ለክተሽ ቁጥሩን እኩል ስታደርጊ ቀሚሱ ይነጣል፣ የልጅቷ ፊት ግን ሐምራዊ ይሆናል። ለጠይም ፊት እኩል የሚሆን ቁጥር የለም፤ የሚፈርደው ዓይን ነው፣ እሱ ደግሞ ቀለም የሌለው ማረፊያ ይፈልጋል። ኖራሽ ነጭ የሆነው በሩ እስኪከፈት ነው። ከተከፈተ የግቢው አፈር ቀለም ግድግዳሽ ላይ ነው።

ሁለተኛዋ ስትመልስ

የሳሩን ነገር አምኛለሁ፤ እንዲያውም በዚያው ስሕተት ሁለት ሌሊት አቃጥያለሁ። አሁን የምለካው ከሳሩ የራቀውን የነጠላ ጫፍ ነው። ፊቱን ግን፣ እውነትዎን ነው፣ በዓይኔ ነው የምጨርሰው። በሩን ዘግቼ የምሠራውም ማታ ነው።

ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ግራጫ ጨርቅ አለብሰዋለሁ፤ ያለ ምስማር። ቀሪዎቹ ሦስቱ የአከራዬ ናቸው።