የደም ቅባት የሀብታም በሽታ ነው ያለው ማነው?

ለመሆኑ የደም ቅባት የሀብታም በሽታ ነው ብሎ ያስተማረን ማነው? በእኛ በእንጅባራ «ሥጋና ቅቤ በየቀኑ የማያገኝ ሰው ደሙ ቅባት አይኖረውም» የሚል እምነት ሥር ሰዷል። ዕድሜውን ሙሉ ድንችና ገብስ የበላ፣ ረቡዕና ዓርብን የማይስት፣ ሁዳዴን 55 ቀን የሚጾም ሰው «ቅባትህ ከፍ ብሏል» ሲባል ውጤቱ የሌላ ሰው ይመስለዋል። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ይከትና ወደ ቤቱ ይሄዳል። አደጋው የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

አንድ ጎረቤቴ የምርመራ ወረቀቱን ይዞልኝ መጣ። «አያ፣ ትራይግሊሰራይድ ይላል፤ 640 ነው» ብዬ ባነብለት፣ «ምን ትላለህ ወንድሜ! ቅቤ ከቀመስሁ ስንት ጊዜዬ ነው?» አለኝ። ሰውዬው አልዋሸም። ቅቤ አይበላም። ነገር ግን በቀን አምስት ስኒ ሻይ በየስኒው ሦስት ማንኪያ ስኳር እየጨመረ ይጠጣል፤ ማታ ማታ ደግሞ አረቄ አለችው። እነዚህን ምግብ ብሎ አልቆጠራቸውም። ጉበቱ ግን ቆጥሯቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትራይግሊሰራይድ ሰውነታችን ለክፉ ቀን የሚያከማቸው ስብ ነው። ኮሌስትሮል ከሚባለው ይለያል፤ ያኛው ለሕዋስና ለሆርሞን መሥሪያ ሲሆን፣ ይኼኛው ግን ስንቅ ነው። ከሚያስፈልገን በላይ ስኳር፣ ነጭ ዱቄት ወይም አልኮል ሲገባ ጉበት ወደ ስብ ይለውጠውና በደም አሳፍሮ ወደ ጎተራው ይልከዋል። ገበሬ ብንሆንም ባንሆንም ጎተራ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ጎተራው ሞልቶ እህሉ በየመንገዱ ሲፈስ ነው ችግሩ። ስለዚህ ቅባት ሳይበሉ ቅባታም መሆን ይቻላል ማለት ነው።

ልኩም ይታወቃል። በባዶ ሆድ ሲለካ ከ150 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ150 እስከ 199 ድንበር ላይ ነው። ከ200 እስከ 499 ከፍተኛ፣ 500 እና ከዚያ በላይ እጅግ ከፍተኛ ይባላል። ከፍ ያለው ቁጥር ለልብ ድካምና ለስትሮክ መንገድ ከሚጠርጉት አንዱ ነው። 500 ሲያልፍ፣ በተለይ 1000 ሲሻገር ደግሞ ቆሽት ላይ ይነሳል። «ቆሽቴ አረረ» የምንለው ስንናደድ ነበር፤ ይኸው የእውነት ቆሽት የሚያሳርር ነገር መጣ። የቆሽት መቆጣት ሰውን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ግን ብዙውን ጊዜ ምንም ሕመም የለውም። አያስልም፣ አያነክስም፣ አያተኩስም።

«ይኼ ለከተማ ወፍራም ነው» የሚል ካለ የአገሪቱን ጥናት ይመልከት። በ2007 ዓ.ም በመላ ኢትዮጵያ ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ላይ በተደረገው ጥናት ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለው ከመቶ 5 ያህሉ ሲሆኑ፣ ትራይግሊሰራይዳቸው ከፍ ያለው ግን ከመቶ 21 ነበሩ። አራት እጥፍ ነው! ሥጋ በብዛት የማይበላ ሕዝብ ይህን ቁጥር ከየት አመጣው? እኔ ከሻይ ስኳሩ፣ ከለስላሳው፣ ከነጩ ዳቦና ከፓስታው፣ ከጠላው፣ ከቢራውና ከአረቄው ነው እላለሁ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ስኳር ይዟል። ለእንግዳ ክብር ብለን የምናቀርበው ይህንኑ ነው።

በጾሙም ቢሆን ነገሩ ተለውጧል። ጥፋተኛው ጾሙ አይደለም። ሽሮና ምስር፣ ባቄላና ጎመን የነበረበት ገበታ ላይ ፓስታ፣ ብስኩት፣ በዘይት የተጠበሰ ቦምቦሊኖና ጣፋጭ ሻይ ሲተካበት፣ ከእንስሳ ርቀን ከስኳር ጋር ተጋባን። እግራችንም አርፏል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም የተመሠረተባት፣ ጥር 23 ሜዳው በፈረስ የሚናወጥባት ምድር ላይ ዛሬ ሰው ከገበያ እስከ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ባጃጅ ይጠብቃል።

እሺ፣ የእኛን ጥፋት ተናገርሁ። አረቄውን መንግሥት አፋችን ውስጥ አላፈሰሰውም። አሁን ደግሞ የሌላውን ወገን ልናገር።

በሬዲዮ «አኗኗራችሁን አስተካክሉ፣ በየጊዜው ተመርመሩ» ይሉናል። መልካም ምክር ነው። የት እንመርመር? ያ ጎረቤቴ መጀመሪያ የሄደው በአካባቢያችን ወዳለ አንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ነበር። «ሪኤጀንት የለም» ተባለና በወረቀት ወደ ግል ላቦራቶሪ ተላከ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጮውን በወቅቱ የከፈለ ሰው ነው። መታወቂያው ኪሱ ውስጥ እያለ ለምርመራውም ለመድኃኒቱም ከኪሱ አወጣ። እና ይኼ መድን ነው ወይስ ደረሰኝ ያለው መዋጮ?

መንገዱም አለ። ከፍ ያለ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ወደ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተከፈተው ጦርነት ያ መንገድ ስንቴ ተዘጋ? ቆሽቱ የተቆጣ ሰው «መንገድ እስኪከፈት ጠብቅ» አይባልም። ይህን የምለው ለመንግሥት ብቻ አይደለም፤ ጠመንጃ ለያዘ ሁሉ ነው። በሽተኛ የጫነ መኪና የማንም ጠላት አይደለም።

ሐኪሙስ? በ2017 ዓ.ም ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን ወር አያደርሰንም» ብለው ሥራ ሲያቆሙ፣ ለብዙዎቹ የተሰጣቸው መልስ እስር ነበር። ምክር የሚሰጠንን ሰው አስሮ «ምክር ስሙ» ማለት ምን የሚሉት ፈሊጥ ነው?

አንድ ጥያቄ ልጨምር። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በስኳር መጠጦች ላይ ታክስ ጥሏል። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ለጤና የሚበጅ ነው። ግን ከዚያ ከተሰበሰበው ብር ስንቱ ለደም ምርመራ መሣሪያና ለሪኤጀንት ዋለ? ከስኳሩም ከሕመማችንም ገንዘብ እየተሰበሰበ ላቦራቶሪው ባዶ ከሆነ፣ ታክሱ ለጤና ነው የሚለውን ማን ያምናል? ሒሳቡን አውጡና አሳዩን።

መልሱ እስኪመጣ ግን ቁጭ ብለን አንጠብቅም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ የለም አባቶቻችን? እኔ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

አቅም የፈቀደ፣ በተለይ ስኳር፣ የደም ግፊት ወይም ቦርጭ ያለበት፣ ወይም ከቤተሰቡ በልብ ሕመም በወጣትነቱ የሞተ ያለው ሰው ይመርመር። ለምርመራው ከ9 እስከ 12 ሰዓት ምግብ አይበላም፤ ውኃ ይፈቀዳል። ከድግስና ከመጠጥ ማግስት አትሂዱ፤ ቁጥሩ ያለ ልኩ ያሻቅባል። ከፍ ካለ የደም ስኳራችሁንም አብራችሁ አስለኩ፤ ቁጥጥር ያጣ ስኳር ዋነኛ መንስኤ ነውና። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የኩላሊት ሕመም፣ እንደ ስቴሮይድ ያሉ አንዳንድ መድኃኒቶችም ያስከትሉታል። ስለዚህ የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ።

ከዚያ ስኳሩን ቀንሱ። ለስላሳውን ተዉት። አረቄና ቢራ የሚበዛበት ሰው ይቀንስ፤ ቁጥሩ 500 ያለፈ ግን ጨርሶ ያቁም። ነጭ ዳቦና ፓስታውን በባቄላ፣ በምስር፣ በጎመን፣ በገብስ ተኩ። በሶ በስኳር የሚበጠብጥ ሰው ስኳሩን ይተወው። ቦርጭ ያለው ሰው ከክብደቱ ከመቶ 5 እስከ 10 ቢቀንስ ትራይግሊሰራይዱ ወደ ከመቶ 20 ሊወርድ ይችላል። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ገንዘብ አያስወጣም፤ ባጃጁን እለፉት!

ይህ ካልበቃ መድኃኒት አለ። ለልብ አደጋ የሚያሰጋ ሰው ብዙ ጊዜ ስታቲን ይታዘዝለታል፤ ቁጥሩ እጅግ ከፍ ሲል ቆሽትን ለመጠበቅ ፋይብሬት የሚባለው ይሰጣል። ይህን የሚወስነው ሐኪም ነው እንጂ የጎረቤት ምክር አይደለም። ተልባ ጥሩ ምግብ ነው፤ ነጭ ሽንኩርትም ሽፈራውም እንዲሁ። ነገር ግን በየገበያው «ቅባት ይጠርጋል» እየተባለ የሚሸጠው ዱቄት የታዘዘላችሁን መድኃኒት አይተካም።

አንዲት ነገር ግን ልብ በሉ። ከላይኛው ሆድ ተነስቶ ወደ ጀርባ የሚወጋ፣ ማስመለስ ያለበት ኃይለኛ ሕመም ከመጣ «ጨጓራዬ ነው» ብላችሁ በአረቄና በነጭ ሽንኩርት አትሸንግሉት። በዚያችው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ጎረቤቴ አረቄውን አቆመ፤ ሻዩንም ያለ ስኳር ለመደ። የታዘዘለትን መድኃኒትም ከግል ፋርማሲ እየገዛ ወሰደ። ከአራት ወር በኋላ ቁጥሩ 210 ገባ። እሱ ተረፈ እንበል። ለምርመራ የሚከፍለው ያጣው፣ ከነጭራሹም ያልሰማውስ?

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በየወረዳው ጤና ተቋም ሪኤጀንት ይኑር። የመድን መታወቂያ የያዘ ሰው መድኃኒቱን እዚያው ያግኝ። የጤና ባለሙያው በደመወዙ ይኑር፤ ጥያቄ ስላነሳም አይታሰር። የበሽተኛ መንገድ ይከፈት። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ «አኗኗራችሁን አስተካክሉ» በሉን፤ ያኔ ጆሯችንን እንሰጣለን። እስከዚያው ግን አኗኗሩን ማስተካከል ያለበት ሕዝቡ ብቻ አይደለም።

ቸር ሰንብቱ።