ቫድሶና ኪርከነስ ምን ያህል ይራራቃሉ?

በኖርዌይ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ፣ ከአርክቲክ ክበብ በጣም ወደ ላይ፣ ቫድሶና ኪርከነስ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ከተሞች አሉ። ከአንዱ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሌላው በአየር 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው ግን 170 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል፤ መሐል ላይ የቫራንገር ፍዮርድ ተጋድሟልና መንገዱ እስከ ውስጠኛው ጫፍ፣ እስከ ቫራንገርቦትን ድረስ ይዞራል። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ ለተጓዡ ግን ብዙም አይረቡትም። እዚያ አገር ርቀትን የሚወስነው የጊዜ ሰሌዳ ነው፤ ሰሌዳውን የሚያወጣው ደግሞ በጀት።

የአየር መስመሩን ለዓመታት ያገለገለው ባለ 39 መቀመጫው ዳሽ 8 አውሮፕላን በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ርቀቱን ለፍጥነቱ ብናካፍል አምስት ደቂቃ አይሞላም። እንዲህ ያለ በረራ ግን የለም፤ አውሮፕላኑ ተነሥቶ ከፍታ ያዘ ሲባል መውረድ ይጀምራል፣ ሙሉ ፍጥነቱን የሚያገኝበት ፋታ የለውም። ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። የኪርከነስ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ከከተማዋ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

የመርከቡ ነገር ይበልጥ ያስገርማል። በባሕር ዳርቻው የምትመላለሰው የመንገደኞች መርከብ ወደ ሰሜን ስትወጣ ጠዋት ቫድሶ ቆማ፣ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ኪርከነስ ትደርሳለች። ስትመለስ ግን ቫድሶን አልፋ በቀጥታ ወደ ቫርዶ ነው የምትቀዝፈው። ስለዚህ ለመርከብ ተሳፋሪ ኪርከነስ ለቫድሶ ቅርብ ናት፣ ቫድሶ ግን ለኪርከነስ ቅርብ አይደለችም። ይህን የትኛውም ካርታ አያሳይም።

የአካባቢው ሆስፒታል ኪርከነስ ነው፤ የፊንማርክ አውራጃ አስተዳደር ቫድሶ። ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያለው የቫድሶ ሰው በረራው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የጠዋቱ አውሮፕላን ለቀጠሮው ያደርሰው እንደሆነና ማታ የሚመልሰው መኖሩን ነው። የማታው ካመለጠው ሩብ ሰዓቱ አዳር ይሆናል። ማረፊያው በበረዶ ውሽንፍር ከተዘጋ ደግሞ 38ቱ ወደ 170 ይመለሳል፤ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ። በዚያ አገር ውሽንፍሩ ሲበረታ መኪኖች የበረዶ ጠራጊውን ተከትለው በሰልፍ ነው የሚያልፉት።

በትርፍ ብቻ ቢታሰብ እንዲህ ያለውን መስመር የሚደፍር አየር መንገድ አይገኝም። የኖርዌይ መንግሥት ለእንዲህ ዓይነቶቹ መስመሮች ጨረታ ያወጣል፤ በቀን ቢያንስ ስንት ጊዜ መበረር እንዳለበት ይደነግጋል፤ የጎደለውን ይከፍላል። ይህን ብክነት የሚል ሰው ያንኑ ጥያቄ ለአስፋልቱም ያንሣ፤ መንገድ አተረፈ አላተረፈ ብሎ የሚመረምረው የለም።

ፈጣን አውሮፕላን እዚህ ምንም አይለውጥም። ትንሽ ሆኖ ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ግን ብዙ ይለውጣል። የጣሊያኑ አውሮፕላን ሠሪ ቴክናም ከኖርዌዩ አየር መንገድ ቪደሮ ጋር እስከ ዘጠኝ ሰው የሚይዝ የኤሌክትሪክ አውሮፕላን የመሥራት ውጥን ነበረው። በ2023 እ.ኤ.አ. ግን ባትሪው ቶሎ ስለሚያረጅ አያዋጣም ብሎ ሥራውን አቆመው።